ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር

ስም መሰረዝ ቀላል ይመስላል። ማስመሪያ ታስቀምጣለህ፣ በእስክሪብቶ ታሰምራለህ፣ አለቀ። እስቲ በል ሞክረው! በተለይ የስሙ ባለቤት በየጠዋቱ «ደህና አደሩ ቲቸር» እያለች በር የምትከፍትልህ ልጅ ስትሆን፣ እስክሪብቶው ራሱ እጅህ ላይ ይከብዳል። መምህርቷ ቅጹን ከርዕሰ መምህሩ ከተቀበለችበት ከሰኞ ጀምሮ በቦርሳዋ ይዛው ትዞራለች። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ቅጹ አሁንም ባዶ ነው፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ዝርዝሩ ይላካል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ አምና በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከአስራ ሰባት ትምህርት ቤቶች አስራ ሰባተኛ ወጣ። ከዚያ በታች ቦታ ስለሌለ ነው እንጂ ይወርድ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክረምቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ከርሞ አንድ መላ ይዞ መጣ። የሙከራ ፈተና ይሰጥ፤ ከስልሳ ጥያቄ ሃያ አምስት ያላገኘ ልጅ ስሙ ለዋናው ፈተና አይላክ፤ «ዘንድሮ አልተዘጋጀም» ተብሎ ዓመቱን ይድገም። ደካማው ካልተፈተነ የሚወድቅ አይኖርም፣ የሚወድቅ ከሌለ መቶኛው ያምራል። መምህርቷ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማረች ሰው ናት፤ ስሌቱ ላይ ስህተት ልታገኝበት አልቻለችም። ያናደዳትም እሱ ነው።

በእሷ ክፍል ሃምሳ ሁለት ልጆች አሉ። ከሃያ አምስት በታች ያመጡት ስድስት ናቸው፤ ከስድስቱ የመጨረሻዋ አስራ አራት ያመጣችው በረኛዋ ናት።

«በረኛዋ» ያሏት ልጆቹ ናቸው። በዚህ ትምህርት ቤት ቁጥርም ወንበርም የሚሰጠው በውጤት ነው። አንደኛ የወጣው ከፊት በመስኮቱ በኩል ይቀመጣል፣ ከዚያ እየተቆጠረ እየተቆጠረ ይሄድና የመጨረሻው ልጅ ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያርፋል። የበሩ መቀርቀሪያ ከተሰበረ ቆይቷል፤ ነፋስ በነካው ቁጥር እየተንጓጓ ሰው አያስተምርም ነበር። ልጅቷ ማንንም ሳታስፈቅድ እጀታው ላይ ገመድ አሰረች፣ የገመዱን ጫፍ በጫማዋ ረግጣ መማር ጀመረች። ሰው ሲመጣ እግሯን ታነሳለች፣ ሲገባ መልሳ ትረግጣለች። ክፈቺ የሚላት የለም፣ ዝጊ የሚላት የለም።

መሰረዙ ዓመት ማስደገም ብቻ ቢሆን መምህርቷ ጥርሷን ነክሳ ትፈርም ነበር። የልጅቷ አባት ግን ጎሚስታ ነው፤ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ጎማ ይለጥፋል። ባለፈው ወር ወላጆች ሲጠሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጥቶ ቁርጡን ነግሯታል። «መማሩን ጠልቼ አይደለም። ግን ዘንድሮ ካልተፈተነች አክስቷ ጋ ትሄዳለች። መንታ ወልዳ ልጅ የሚይዝላት አጥታለች። ቃል ሰጥቻለሁ።» ክፉ ሰው አይደለም። የደከመው ሰው ነው፤ መምህርቷ ደግሞ የደከመው ሰው ስታይ ታውቃለች።

ድካም ከተነሳ የእሷ ይለያል። ጠዋት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቶቿን ትለማመጣለች፣ «ዛሬን ብቻ» ትላቸዋለች፣ ነገም ያንኑ ትላቸዋለች። ልጆቹ በሌለችበት «ጠመኔ» ይሏታል፤ ትከሻዋ ላይ ጠመኔ ያልነካው ልብስ የላትምና እውነታቸውን ነው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር ቀርቷታል። እነዚህን ሁለት ወሮች ማንም ሳይነካት፣ ማንንም ሳትነካ ብትጨርስ ሌላ ምኞት አልነበራትም።

ከሁሉም የባሰው ግን ለእህቷ ካልሆነ ለማንም ያልነገረችው ጉድ ነው። ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያሉት ልጆች ፊታቸው ታጥቦ የተሰጣ ጨርቅ ሆኖባታል። ሰሌዳ ላይ የምትጽፈው እጇ ስለለመደ ነው። ሐኪሙ «መገፈፍ አለበት» ካላት ዓመት ሆኗት፣ «ጡረታ ልውጣና» እያለች ጆሮ ዳባ ልበስ ብላዋለች። ምክንያት አላት። የእጅ ሥራ መምህሩ እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር «ለሥራ ብቁ አይደለም» የሚል ደብዳቤ ሰጥተው በትምህርት መሐል አሰናበቱት። ያን ያህል ዓመት ያገለገለ ሰው መሰናበቻ እንኳ ሳይደረግለት ዕቃውን የያዘ ካርቶን ታቅፎ በጓሮ በር ወጣ። እሷ ያን ቀን መስኮት ላይ ቆማ፣ እኔ በቀኔ፣ በእግሬ፣ በዋናው በር ነው የምወጣው ብላ ምላለች።

ታዲያ ዓይኗን በጨው አጥባ ታስተምራለች። የሃምሳ ሁለቱንም ስም በቃሏ ስለምታውቅ መዝገቡን ገልጣ ያነበበች መስላ ትጠራለች፣ «አቤት» ይሏታል። እነዚያ የጉድ ልጆች ይህን ደረሱበት መሰለኝ፣ የቀረ ጓደኛቸውን ድምፃቸውን እየቀየሩ «አቤት» ይሉለት ጀመር። አንድ ቀን ከበሩ በኩል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ «ቲቸር፣ ዛሬ ሦስት ሰው የለም።» ስማቸውንም አከለች። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ነው። መምህርቷ መጀመሪያ ወሬ አቀባይ ብላ ታዝባታለች። ደግሞ ሌላ አመል አላት፤ ከክፍሉ መውጫ አራት ደረጃ አለ፣ መምህርቷ ልትወርድ ስትል ልጅቷ በሩን ይዛ «ሦስተኛው ተሰብሯል» ትላለች። በየቀኑ! አንዴ ሰልችቷት ተቆጥታታለች።

«አንቺ ልጅ፣ ደረጃው ከተሰበረ ስንት ወሩ! ለማን ነው የምታወሪው?»

«ለራሴ ነው ቲቸር» አለች ልጅቷ።

ሐሙስ ልጆቹ ሲበተኑ መምህርቷ «አንቺ ቆይ» አለቻት። በረኛዋ እግሯን ከገመዱ ሳታነሳ ቆመች።

«አባትሽ ነገ ጠዋት ብቅ ማለት ይችላል?»

«ስለ ዝርዝሩ ነው?»

«ማን ነገረሽ?»

«ውጤቱ ተለጥፏል'ኮ ቲቸር። አስራ አራት ነው ያመጣሁት።» ድምፅዋ ውስጥ እንባ አልነበረም። «ለአባቴ እኔው እነግረዋለሁ። እርስዎ አይድከሙ።»

እርስዎ አይድከሙ! መምህርቷ የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሊሰረዝ ያለ ሰው የሚሰርዘውን ያጽናናል?

«አላጠናሽም ነበር?»

«አጥንቼ ነበር።»

«እና አስራ አራት?»

ልጅቷ «አንዳንዴ እንዲህ ይሆናል» አለች፣ ቦርሳዋን አነገተችና ሄደች። ከመሄዷ በፊት በሩን በድንጋይ አስደግፋ፣ ሦስተኛው ደረጃ መሰበሩን ለራሷ ተናግራ ነው።

መምህርቷ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የስም መጥሪያ መዝገቡን ገለጠች። ሰርተፍኬት ላይ «አስተያየት» የሚል አንድ ጠባብ ቦታ አለ፤ እዚያ የሚጻፈው «ጎበዝ»፣ «መካከለኛ»፣ «ይበርታ» ነው። እሷ ግን ከሥራ ዘመኗ መጀመሪያ ጀምሮ ከመዝገቡ ጀርባ በእርሳስ የራሷን አስተያየት ትጽፋለች፤ ማንም አይጠይቃትም፣ ለማንም አታሳይም። ቁጥር አራት፣ ያወቀውን ለሌላ ሳያስረዳ እንቅልፍ አይወስደውም። ቁጥር አስራ ዘጠኝ፣ ስትዋሽ ጆሮዋን ትነካለች፤ ደግነቱ ብዙ አትዋሽም። ቁጥር ሠላሳ ሦስት፣ ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ሲቀመጥ በቀኙ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ይተዋል። ቁጥር አርባ፣ ለተሰበረ ወንበር ሁሉ ሚስማር ከቤቱ ይዞ ይመጣል፤ እናቱ ጣሪያዋ እየቀለለ መሆኑን ታውቅ ይሆን? አሁን ይህን ሁሉ አታነብበውም፤ እርሳሱ ከወረቀቱ ጋር አንድ ሆኖባታል። በጣቷ እየዳሰሰች በቃሏ ነው የምትወጣው። ሃምሳ ሁለተኛው መስመር ላይ ምንም የለም። ዘንድሮ ስትጽፍ እዚያ ስትደርስ ዓይኗ ከዳት፣ መጻፉንም ተወችው።

ቤት ስትደርስ ገና ፀሐይ ነበር። ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መኪናዋን ከመስኮቱ ሥር ዘርግታ የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትሰፋለች።

«እትዬ፣ ዛሬም ላነብልሽ ነው?» አለች ሳትዞር። «ያን ዓይንሽን አሳዪው ብልሽ አትሰሚ።»

«አትጨቅጭቂኝ። የስድስት ልጆች ወረቀት ነው፣ ውጤታቸውን ንገሪኝ፣ ቅጹን እሞላለሁ።»

የፈተናው ወረቀት ከሰኞ ጀምሮ እሷው ዘንድ ነው። በትምህርት ቤቱ ደንብ ልጆቹ ወረቀታቸውን ለአንድ ክፍለ ጊዜ አይተው ይመልሳሉ። እርማቱ ደግሞ በካርቶን ነው። መልሱ ባለበት ቦታ ላይ ካርቶኑ ይበሳል፣ ወረቀቱ ላይ ተስተካክሎ ይቀመጣል፣ በየቀዳዳው ቀይ ነጥብ ይደረጋል። ቀዩ ነጥብ የጠቆረ ክብ ላይ ካረፈ ልጁ አግኝቷል። ዓይን ለደከመው ሰው የተሠራ ይመስል መምህርቷ ይህን ዘዴ ስትወደው ኖራለች።

እህቷ ክሯን በጥርሷ በጥሳ የበረኛዋን ወረቀት አነሳች። ቆየች።

«እትዬ፣ ስንት ጥያቄ ነው?»

«ስልሳ።»

«ታዲያ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ቀይ የለም። ከስልሳኛው በታች ግን ባዶ ወረቀት ላይ ቀይ አለ።»

መምህርቷ ወረቀቱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ካርቶንሽ አንድ መስመር ወርዷል» አለች እህቷ። ልብስ ሰፊ ናት፤ አንድ መስመር የወረደ ነገር ከሩቅ ይታያታል። «እግዚኦ እትዬ! ይሄ'ኮ ሁሉም አንድ አንድ ስቷል።»

«ሌሎቹን እይ» አለች መምህርቷ።

እህቷ የሰው ሸሚዝ ከነመርፌው ትታ ሃምሳ ሁለቱንም ወረቀት አየች። አስራ ዘጠኙ ላይ ካርቶኑ ተንሸራቷል። ካርቶኑን አስተካክለው እንደገና ቆጠሩ፤ አንዷ እያየች፣ አንዷ እየደመረች። ከስድስቱ ሁለት ልጆች ከሃያ አምስት በላይ ወጡ። ያለ ሥራቸው ተጨምሮላቸው የነበሩ ሌሎች አራት ደግሞ ከሃያ አምስት በታች ወረዱ። የጨመረለት ልጅ መቼም «ቲቸር፣ በዛብኝ» ብሎ አይመጣም።

«በረኛዋስ?»

«ሃያ ሦስት።»

«ደግመሽ ቁጠሪ።»

«ሁለቴ ቆጥሬያለሁ እትዬ። ሃያ ሦስት።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሁለት ነጥብ ናት'ኮ! ሃያ አምስት በይና ተገላገይ። ማን ያያል?» አለች።

ማንም አያይም። ችግሩም እሱ ነው፣ ማየት የነበረባት እሷ ነች። ሁለት ነጥብ ብትሰጥ በረኛዋ ትተርፋለች፤ አራቱስ? ወይ ዝም ብላ በስህተት ያሳለፈቻቸውን ታሳልፍ፣ ወይ እውነቱን አውጥታ በአንዱ ቦታ ሌላውን ትሰርዝ። በየትም ብትሄድ የሚሰረዘው የእሷ ዓይን የጣለው ልጅ ነው። አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷታል፣ እሱን ደግሞ ልታስበው አልፈለገችም። እራቷን ሳትበላ ተኛች።

አርብ ጠዋት ከደወሉ በፊት ደረሰች። በረኛዋ እንደ ልማዷ ቀድማ መጥታ ገመዷን ታስራለች።

«ሰኞ ወረቀትሽን ስታዪ» አለች መምህርቷ፣ ሰላምታውንም ረስታ፣ «አንደኛው ጥያቄ ላይ ቀይ አለመኖሩን አይተሻል?»

የልጅቷ እጅ ገመዱ ላይ ቆመ። «አይቻለሁ።»

«ከስልሳኛው በታች ያለውንስ?»

«እሱንም።»

«እና ምን ይዘጋሻል? አክስትሽ ጋ ልትሄጂ ነው'ኮ! ሞኝ ነሽ እንዴ?»

«ትክክለኛውን መልስ ክፍል ውስጥ ሲነግሩን ቆጥሬዋለሁ፣ ሃያ ሦስት ነው» አለች ልጅቷ። «ብናገርም ሃያ አምስት አይሞላልኝም። ካርቶኑ ለምን ተንሸራተተ ይባልና ግን ዓይንዎን ያውቁብዎታል። እኔን ሳይጠቅመኝ እርስዎን ይጎዳዎታል።»

ስሌቱ ላይ አሁንም ስህተት አልነበረም። መምህርቷ በአጠገቧ ያለውን ወንበር ዳብሳ ተቀመጠች።

«ዓይኔን መቼ አወቅሽ?»

«በሩን ሲፈልጉ እጅዎ መጀመሪያ ግድግዳውን ነው የሚነካው። ከዚያ ደረጃው ላይ ሊወድቁ ሲሉ አየሁ።» ልጅቷ ጫማዋን ትመለከት ነበር። «ሁለት ወር ነው የቀረዎት። እስከዚያ አደርስዎታለሁ ብዬ ነበር። እኔ ከሄድኩ ደግሞ አጠገቤ ለምትቀመጠው አሳይቻታለሁ። ቀሪ መቁጠሩንም፣ ደረጃውንም። ምክንያቱን አልነገርኳትም።»

እንግዲህ ይሄን ሰምቶ ሆዱ የማይባባ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም። ሊሰርዟት ስሟን በቦርሳ ይዘው ሲዞሩ፣ እሷ ለሰራዧ ተተኪ ዓይን እያሰለጠነች ነበር! መምህርቷ ሠላሳ አራት ዓመት ስንት ሺህ ወረቀት አርማለች፣ ለዚህ የሚሆን ጥያቄ የያዘ ወረቀት ግን አንድም ቀን እጇ አልገባም። አለቀሰች። በደካማ ዓይንም ለካ ይለቀሳል። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና ወረቀቶቹን ታቅፋ ተነሳች።

ልጅቷ በሩን ከፈተችላት። «ሦስተኛው...»

«አውቃለሁ» አለች መምህርቷ።

ርዕሰ መምህሩ የራሷ ተማሪ ነበር፤ የዛሬ ሃያ ዓመት ከፊት በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ የነበረው አንደኛው ልጅ። ዛሬ ከጠረጴዛው ጀርባ ግድግዳው ላይ የአስራ ሰባቱን ትምህርት ቤቶች ደረጃ ለጥፎ ከሥሩ ይቀመጣል። እሱም እንቅልፍ ካጣ ሰንብቷል፣ ድምፁ ይናገራል።

«ቅጹን አመጡልኝ ቲቸር?»

ባዶውን ቅጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

«ምንም አልተጻፈበትም'ኮ። እባክዎ አያስቸግሩኝ፣ ሌሎቹ ሁሉ አስገብተዋል።»

«ዓይኔ አያይም» አለችው።

«ሁላችንም ደክሞናል ቲቸር...»

«ደከመኝ አላልኩህም። ዓይኔ አያይም ነው የምልህ። ሞራ ነው። አሁን አንተን የማውቅህ በድምፅህ ነው።» ወረቀቶቹን አስጠጋችለት። «ከስልሳኛው ጥያቄ በታች ተመልከት። ቀይ ነጥብ አለ? አስራ ዘጠኝ ወረቀት እንዲህ ነው። ሌላውም ትክክል ነው ብዬ መማል አልችልም። ውጤቱ ውጤት አይደለም፣ ሰኞ የለጠፍከውን አውርደው።»

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ሲገልጥ ትሰማዋለች።

«እናርመው፤ አሁኑኑ ሰው ላስቀምጥ።»

«አርመው። ሁለቱ ይወጣሉ፣ አራት አዲስ ይሰረዛሉ። የአራቱ ወላጆች፣ ልጆቻቸው ሰኞ አልፈዋል ተብለው አርብ ወደቁ ሲባል ወዴት ይመጣሉ? እኔ ጋ። እኔ ደግሞ ላንተ የነገርኩህን ነው የምነግራቸው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝርዝሩ መላክ አለበት! ሌላ ፈተና ለመስጠት ቀን የለኝም።»

«እንግዲያው ሃምሳ ሁለቱንም ላካቸው።»

ወንበሩ ጮኸ፤ ተደግፎ መሆን አለበት። «እንደገና አስራ ሰባተኛ እንሆናለን» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለግድግዳው።

«በሒሳብ ዘጠና ስምንት አምጥተህ፣ ሁለቷ የት ሄደች ብለህ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ስታለቅስ ማን እንዳገኘህ ታስታውሳለህ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እኔ አይደለሁም። እኔማ አለመኖርህንም አላወቅኩም። የመጨረሻው ወንበር ላይ የምትቀመጠው ልጅ ናት ፈልጋ፣ እጅህን ይዛ ያመጣችህ። ስሟ ማን ነበር?»

ብዙ አሰበ። አላስታወሰም።

«እኔም ውጤቷን አላስታውስም» አለች መምህርቷ። «እጅህን ይዛ በበሩ ስትገባ ግን አሁንም ትታየኛለች።»

ከውጭ ደወሉ ተደወለ። ርዕሰ መምህሩ መናገር ሲጀምር ድምፁ ያ የጥንቱ ልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር። «ቲቸር፣ ይህን ሰምቼ ግን ዝም ማለት አልችልም። ውጤቱን ውድቅ ያደረግኩበትን ምክንያት በጽሑፍ ይጠይቁኛል። እርስዎን ደግሞ ከዛሬ ወዲያ ክፍል ማስገባት አልችልም። ሁለት ወር ነበር'ኮ የቀረዎት።»

«ሃምሳ ስምንት ቀን» አለች። «ወረቀት ስጠኝ።»

በገዛ እጇ ጻፈችው፤ ዓይኔ ስለደከመ የሙከራ ፈተናውን በትክክል አላረምኩም ብላ። መስመሩ እየተንጋደደ ወርዶ የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ጠረጴዛው ላይ ተጻፉ። ርዕሰ መምህሩ አየ፣ ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጇ ሥር ሳበው። «የጓሮው በር ለቤትዎ ይቀርባል፣ ሰው እንዲያደርስዎ ልላክ?» አላት፣ በደግነት። ባይለው ይሻል ነበር።

«ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ አለኝ» አለችው። «እሱን አስተምሬ እወጣለሁ።»

አስተማረችም። ክፍልፋይ ነበር፤ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ የመጨረሻው ትምህርት ክፍልፋይ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከቢሮ መልእክት መጣ። ሃምሳ ሁለቱም ስም ተልኳል። ልጆቹ ጮኹ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ፣ በስህተት አልፈው የነበሩት አራቱ ለምን እንደሚጮሁ እንኳ አላወቁም። መምህርቷ ሲረጋጉ ጠብቃ «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ መምህር ይመጣላችኋል» አለች። ለምን ብለው ጠየቁ። «አርጅቻለሁ» አለቻቸው፣ ሳቁባት፣ እሷም ሳቀች።

ሁሉም ሲወጡ በረኛዋ ገመዷን ረግጣ ቀረች።

«ነይ እስቲ፣ እርሳስ አለሽ?» መምህርቷ መዝገቡን ገልብጣ ዘረጋችው። «ሃምሳ ሁለተኛው መስመር ላይ የምነግርሽን ጻፊልኝ። እኔ አይታየኝም።»

ልጅቷ ከላይ ያለውን የእርሳስ ጽሑፍ ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። ለረጅም ጊዜ አነበበች። ስለ ወንድሙ፣ ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ጆሮዋ። ከዚያ ባዶው መስመር ላይ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ምን ልበል?»

«ታያለች በይ።»

«ማን ናት ቲቸር?»

«ጻፊ ብያለሁ!»

እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ሲፍቅ ተሰማት። አጭር ቃል ናት፣ ቶሎ አለቀች። ልጅቷ ግን እርሳሱን ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች። ከሰኞ ጀምሮ ይዛው የቆየችው እንባ ነው። መምህርቷ መዝገቡ እንዳይርስ ከሥሯ ሳበችውና ከደነችው።

«እፈተናለሁ፣ ግን ልወድቅ እችላለሁ'ኮ» አለች ልጅቷ።

«ትችያለሽ» አለች መምህርቷ። መዋሸት ደክሟት ነበር። «ማለፍም ትችያለሽ። ሁለት ነጥብ ናት የጎደለችሽ፤ ማታ ማታ እኔ ቤት እየመጣሽ እናነባለን። አንቺ ታነቢያለሽ፣ እኔ እሰማለሁ። አሁን በዋናው በር ልወጣ ነው፣ አድርሺኝ።»

ልጅቷ የገመዱን ጫፍ ለቀቀችና እጇን ያዘቻት። በሩ ከኋላቸው በነፋስ ተመትቶ ጓ አለ፤ ዘወር ብላ አላየችውም።

«አራት ደረጃ ነው» አለች። «ሦስተኛው ተሰብሯል።»

«ለማን ነው የምታወሪው?»

«ለእርስዎ» አለች ልጅቷ፣ ቀስ ብለውም ወረዱ።